በእርሳስ ያልጻፍሁት ዜሮ

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ወጣት ቤቴ መጣች። ሰላማዊት ትባላለች፤ ከዩኒቨርሲቲው ነው የመጣሁት አለች። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሬን የሚያንኳኳው ወይ ቆጣሪ አንባቢ ወይ የዕድር ጥሪ ነጋሪ ነውና ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው ኮምፒውተሯን እስክትከፍት ድረስ ብቻ ነው።

የምታጠናው በጣና ዳርቻ ስላሉ ቀንድ አውጣዎችና እነሱ ስለሚያስተላልፉት የቢልሃርዚያ በሽታ ነው። ጥናቱን ሐኪሞችም፣ የአካባቢ ሳይንስ ሰዎችም፣ የውኃ መሐንዲሶችም በጋራ እንደሚሠሩት ነገረችኝ። እኔ የሦስቱን ሥራ በአንድ ጥንድ ቀዳዳ ቦት ጫማ ስሠራ የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ ትንሽ ፈገግ አልሁ። ከዚያ ሰንጠረዡን አሳየችኝ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ሾላ ውኃ የሚባለው ጅረት ስም አለ። ከስሙ ጎን የደርግ ጊዜ ዓመተ ምሕረት፣ ከዓመቱ ጎን የተገኘው ቀንድ አውጣ ብዛት፤ ዜሮ። ከሥር ያሉት መስመሮች የቅርብ ጊዜ ናቸው፤ ቁጥሩ እየጨመረ ይሄዳል።

“አዩ ጋሼ፣ በእርስዎ ጊዜ ጭራሽ አልነበረም” አለችኝ። “ሾላ ውኃ የገባው በቅርቡ ነው ማለት ነው። አየሩ ስለሞቀ፣ የውኃው ጠባይ ስለተለወጠ። የጥናቴ ዋና ግኝት ይኼ ነው።”

ያቺ ዜሮ የእኔ ናት። ሰላማዊት የመጣችውም ለዚሁ ነበር፤ የመስክ ደብተሩ የእኔ እንደሆነ፣ ቁጥሩም በትክክል እንደተወሰደ የሚያረጋግጥ አንድ ገጽ ደብዳቤ አዘጋጅታ ፊርማዬን ፈለገች። ዛሬ አሞኛል፣ የሳምንት ሰው ይበለን አልኋት። ያመመኝ ነገር ያን ዕለት የጀመረ አልነበረም።

እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። አባቴ ከጣና ዳር ደብሮች በአንዱ ሲቀድሱ ኖረው ሞቱ፤ እኔንም ለዚያው አስበውኝ ነበር። ዳዊት ደግሜ፣ ዲቁና ተቀብዬ ሳበቃ ልቤ ወደ አስኳላ ሸፈተና ባሕር ዳር ገብቼ አሥረኛ ክፍል ደረስሁ። በንጉሡ መጨረሻ ዓመታት በሐይቁ ዳር በነበረች አንዲት ትንሽ የምርምር ጣቢያ የላቦራቶሪ ረዳት ሆኜ ተቀጠርሁ። ደመወዙ ለአንድ ሰው ይበቃ ነበር፣ ለሁለት አይበቃም፤ ስለ እሱ ይኸው ይበቃል።

ሥራውን ያስተማሩኝ አቶ ይኄይስ ናቸው። መሪጌታ እንላቸው ነበር። ድጓ ሲማሩ ቆይተው ትምህርቱን ሳይጨርሱ የወጡ ሰው ነበሩ። አንድ የውጭ አገር ሐኪም መንገድ እንዲመሩት ቀጥሯቸው፣ በዚያው ማይክሮስኮፕ ለምደው ቀሩ። ሐኪሙ ወደ አገሩ ሲመለስ ማይክሮስኮፑም መሪጌታም ጣቢያው ውስጥ ቀሩ። ሌንሱን የሚወለውሉት በታጠበ የነጠላ ቅዳጅ ነበር፤ ቅዳጇን በኪሳቸው እንደ ክታብ ጠቅልለው ይይዟታል፣ ለማንም አያውሷትም።

ቀንድ አውጣ መልቀም ለሚያይ ሰው ጨዋታ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በሽታው ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል በጎርፍ ውኃ ውስጥ ይገባል። እዚያ ተፈልፍሎ አንዲት ጠፍጣፋ ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይሸሸጋል፣ ይራባል፤ ከሷ ወጥቶ ደግሞ ውኃ ውስጥ የቆመውን ሰው በቆዳው ይገባዋል። ቀንድ አውጣዋ ከሌለች በሽታው የለም። ስለዚህ አንድ ውኃ ለሰው ይሆናል አይሆንም የሚለውን የሚወስነው ረጅም የሸምበቆ እጀታ ያለው ወንፊት የያዘው ሰው ነው። በአንድ ቦታ ግማሽ ሰዓት በሰዓት ተይዞ ይጨለፋል። ጭቃው በወንፊቱ ይወርዳል፣ የቀረው ሣርና ቅጠል ነጭ ሳሕን ላይ ይገለበጣል፣ ከዚያ በወረንጦ ይለቀማል። ግልገሎቹ ከኑግ ፍሬ ብዙም አይበልጡም። የተለቀሙት በየትንንሹ ብርጭቆ ለየብቻ ይደረጉና ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። የታመመችዋ ረፋድ ላይ በሽታውን ትለቀዋለች፤ ውኃው ውስጥ የሚርመሰመስ አቧራ ይመስላል። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ምሳዬን መብላት አቅቶኝ ነበር።

መሪጌታ ሦስት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ ወንፊቱን ውኃ ከማስነካታቸው በፊት ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ካሉ አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ይቀመጡና ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ያወጋሉ። እኔ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር። ሁለተኛው፣ በደብተሩ ራስጌ ላይ ከቀኑ ጎን የዕለቱን ቅዱስ ይጽፋሉ፤ ግንቦት አሥራ አንድ፣ ያሬድ። ጾም ከሆነ ጾም፣ ገበያ ከሆነ ገበያ ብለው ያክሉበታል። አንድ ቀን፣ መሪጌታ፣ ይኼ ለቀንድ አውጣ ምኗ ነው ብዬ ቀለድሁባቸው። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

“ቀንድ አውጣ የራሷ ባሕረ ሐሳብ የላትም” አሉኝ። “የሰውን ነው የምትከተል። ሰው መቸ ከውኃ እንደሚወርድ ካላወቅህ የሷን ነገር ከየት ታውቀዋለህ?”

ሦስተኛው ልማዳቸው ዜሮን የሚመለከት ነው። ቁጥር ሁሉ በብዕር ይጻፋል፤ ዜሮ ሲሆን ግን ብዕሩን አስቀምጠው ከጆሯቸው ላይ እርሳስ ያወርዳሉ። በእርሳስ የተጻፈች ዜሮ በብዕር የምትደመቀው በሌላ በሌላ ቀን ሦስት ጊዜ ተመልሰው ባዶ ሲያገኙ ነው። አንዴ ደልጊ ወደቡ ላይ ግማሽ ሰዓት ጨልፈን አንዲት አላገኘንም። በእርሳስ ጻፉ። ሴቶቹን ሲጠይቁ ለፋሲካ ልብስ አጥበን ነበር አሏቸው። እንዶድ ልብስ ያነጣል፣ ዓሣ ያሰክራል፣ ቀንድ አውጣ ደግሞ ይፈጃል፤ ይኼን የጣና ዳር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በሁለት ሳምንቱ በጀልባ ተመለስን፤ ባዶ። እኔ ጀልባው አጥወልውሎኝ እያጉረመረምሁ ለሦስተኛ ጊዜ ሄድን፤ ግልገሎቹ በሣሩ ሥር ፈልተው ነበር። መሪጌታ ዜሮዋን በላጲስ አጠፏት፣ ቁጥሩን በብዕር ጻፉ፣ ምንም አላሉኝም። ያ ዝምታቸው ከየትኛውም ትምህርት ቤት የተማርሁት ትልቁ ትምህርት ነበር፤ ግን ተማርሁ እንጂ አልያዝሁትም።

ደርግ መጣ። በአምስተኛው ዓመት ገደማ ጓድ ታፈሰ የሚባል አዲስ ኃላፊ ተሾመልን። መሃይም አልነበረም፤ ይህን መመስከር አለብኝ። የተማረ፣ ንግግር የሚያውቅ፣ ሪፖርት የሚወድ ሰው ነበር። አንድ ቀን ግን እጁን ውኃ ውስጥ ሲያገባ አላየሁትም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሂስና የግለ ሂስ ስብሰባ ነበረብን። በአንደኛው ሐሙስ የመሪጌታን ደብተር ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ይህ የምርምር ደብተር ነው ወይስ ስንክሳር ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ ስቄ ሳልጨርስ ወደኔ ዞረ። ጓድ ምናለ፣ አንተም እንዲህ ትጽፋለህ አለኝ። እኔ ቀኑን ብቻ ነው የምጽፈው አልሁ። እሳቸውስ ለምን ይመስልሃል የሚጽፉት አለኝ።

መልሱን አውቀው ነበር። ደልጊ ሦስት ጊዜ የተመላለስሁት እኔ ነኝ። የቄስ ልጅነቴን ግን ጓድ ታፈሰም ያውቀው ነበር፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ስለ ቅዱሳን ቀን አንድ በጎ ቃል ብናገር ምን እንደምባል ይታየኝ ነበር።

“ልማድ ይመስለኛል” አልሁ።

መሪጌታ አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝ። በሳምንቱ ኋላቀር አስተሳሰብ ያስፋፋሉ ተብለው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ፤ ባዶ በርሜልና የዛገ መቅዘፊያ ጠባቂ ሆኑ። እንኳን አልታሰሩ ብለን ተጽናናን። ያ ዘመን ሰውን እንዲህ ባለ ነገር መጽናናት አስተምሮት ነበር። ወንፊታቸው ለእኔ ተሰጠኝ፤ የሸምበቆው እጀታ በእጃቸው መያዣ ላይ ተልጎ ለስልሶ ነበር።

በዚያው ዓመት ነው የሾላ ውኃ ነገር የመጣው። ከጅረቱ በታች ባለው ሜዳ የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቁሞ፣ ሰው ከየጎጡ ተሰብስቦ አዲስ መንደር ይሠራ ነበር። ለመስኖው ቦይ ሊቆፈር ነው። መሐንዲሱ ሁለት ንድፍ ነበረው። ጅረቱ ውስጥ ቀንድ አውጣዋ ከሌለች ቦዩ እንዲሁ በአፈር ተቆፍሮ በመንደሩ መሐል ያልፋል፤ ካለች ግን በሲሚንቶ መለበጥ፣ ከቤቶቹ መራቅ፣ ድልድይና የልብስ ማጠቢያ ለብቻው መሠራት አለበት። ሁለተኛው አንድ ዓመት ያዘገያል። ጓድ ታፈሰ ደግሞ ቦዩ ለአብዮት በዓል ይመረቃል ብሎ ለበላዮቹ ቃል ገብቶ ነበር። የቀረው የእኛ ጣቢያ ምርመራ ነው፤ የእኛ ጣቢያ ማለት ደግሞ እኔ ነበርሁ።

የምርመራውን ቀን ጓድ ታፈሰ ራሱ ቆረጠው፤ ጥር አሥራ አንድ። ለምን ቢባል ጥምቀት ነዋ። በበዓል ቀን ሠርተን ለሰፊው ሕዝብ እናሳያለን አለ። ሲናገር የሚያየው እኔን ነበር። እሺ አልሁ።

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል። በአገራችን ከጥምቀት በፊት ባሉት ቀናት ያልታጠበ ሸማ አይገኝም። ጋቢው፣ ቀሚሱ፣ የልጆቹ እጀ ጠባብ ሳይቀር ወንዝ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ በዚያ አካባቢ ሳሙና የሚገዛ ስላልነበረ የሚታጠበው በእንዶድ ነው። ይኼን ለማወቅ ምርምር አያስፈልግም፤ የሰው አገር ሰው ቢሆን ሊሳሳተው ይችላል፣ የቄስ ልጅ ግን አይሳሳተውም።

ከጣቢያው ሾፌር ጋር ሾላ ውኃ ስንደርስ መንደሩ ጭር ብሏል። ሰው ሁሉ ታቦት ሊሸኝ ወጥቷል። ጅረቱ ዳር የጠበቁኝ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ አያ ደምሴ። የውኃ አባት ነበሩ፤ ውኃ ለማን መቼ እንደሚደርስ የሚያከፋፍሉ፣ ክርክር የሚዳኙ፣ ቦዩ ሲደፈን ገብተው የሚጠርጉ። ከእኔ አሥር ዓመት ያህል ይበልጡኛል። ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ አባቴን አውቀው የቄሱ ልጅ ይሉኝ ጀመር። እኔን እንዲጠብቁ ታዘው ታቦት ሳይሸኙ መቅረታቸውን ነገሩኝ፤ ቅሬታ አልነበረባቸውም፤ የውኃ ነገርም የእግዜር ነገር ነው አሉ።

ቦት ጫማዬን አድርጌ ገባሁ። ድንጋዮቹ ላይ የደረቀ ነጭ አረፋ ነበረ። ሽታው ገና ከጅረቱ ላይ አልለቀቀም፤ እንዶድ የተቀጠቀጠበት ድንጋይ እንኳ ከነቅሪቱ ተቀምጧል። ጨለፍሁ። ሳሕኑ ላይ ገለበጥሁ። ቀንድ አውጣዎች ነበሩ፤ ያቺው ጠፍጣፋዋ፣ ብዙ ነበሩ። በወረንጦ ሳነሣቸው ሥጋቸው ልሟል፣ ይሸታል። ሁሉም ሙት። ደንቡ በሕይወት ያለውን ብቻ ቁጠር ይላል። በሁለተኛው ቦታም፣ በሦስተኛውም እንዲሁ።

ከማጠቢያው በላይ፣ እንዶዱ ካልደረሰበት፣ ልውጣ ብዬ ሁለት እርምጃ ሄጄ ነበር። ሾፌሩ እሱም ጥምቀት ሊደርስ ቸኩሎ ክላክስ ነፋ። ቆምሁ። ክላክሱ ነው ብዬ ለብዙ ዓመት ለራሴ ተናግሬአለሁ፤ ክላክሱ አልነበረም። ወደ ላይ ብወጣ ምን እንደማገኝ አውቄ ነው የቆምሁት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት እንዲህ ነው።

ከውኃው ስወጣ አያ ደምሴ እጃቸውን ሰጥተው ጎተቱኝ።

“የቄሱ ልጅ፣ እንዴት አገኘኸው ውኃውን?”

“ንጹሕ ነው” አልሁ።

“እኔ መቸም ዕድሜዬን ቆሜ የምውልበት ነው ብዬ ነው” አሉ እየሳቁ።

“ይቁሙበት” አልኋቸው።

ጣቢያው ስመለስ ጓድ ታፈሰ ቢሮው ውስጥ ይጠብቀኝ ነበር። ደብተሩን ፊቱ ላይ ከፍቼ ቀኑን ጻፍሁ፤ ጥር አሥራ አንድ። ከጎኑ ምንም አልጨመርሁም። ከዚያ ዜሮዋን ጻፍኋት፣ ፈረምሁ። ብዕሩን ያቀበለኝ እሱ ነው፤ ግን የያዘችው የእኔ እጅ ናት። ቦዩ ለአብዮት በዓል በሙዚቃ ተመረቀ። እኔም የምስጋና ወረቀትና የደረጃ ዕድገት አገኘሁ።

ከዚያ በኋላ እንፍራንዝ ተመድቤ የምንጭ ውኃ ስመረምር ብዙ ዓመት ቆየሁ። እዚያ የሠራሁት ጥሩ ሥራ ነበር፤ ዛሬ የሚያስታውሰው የለም፣ ማንም ወጣት ደብተሩን ይዞ ቤቴ አልመጣም። ባሕር ዳር የተመለስሁት ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። በተመለስሁ በወሩ ከሾላ ውኃ መንደር የመጣ የሰገራ ናሙና ለምርመራ ተላከልኝ። ማይክሮስኮፑ ሥር አስገብቼ ሳየው እንቁላሉ ከነእሾሁ ተጋድሟል፤ የዚህ ትል እንቁላል በጎኑ እሾህ አለው፣ ከሌላ ጋር አይምታታም። ሌንሱን ወለወልሁ፣ ደገምሁ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም አነበብሁ። ደምሴ አሥራት።

በማግሥቱ ያለማንም ትእዛዝ መንደሩ ሄድሁ። ተራ የግንቦት ቀን ነበር፣ በዓልም ገበያም አልነበረም። አንድ ጊዜ ብቻ ጨለፍሁ፤ ወንፊቱ ውስጥ የነበረውን ቆጥሬ መጨረስ አልቻልሁም። ቦዩ በየበሩ ያልፋል። እንስራ የሚሞላው ከዚያ፣ ልጅ የሚታጠበው ከዚያ ነው። ያን ዕለት ውኃ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ሴቶቹ ዘመድ የሞተበት ሰው መስያቸው እግዜር ያጽናህ አሉኝ።

ሁለት ገጽ ሪፖርት ጽፌ ወደ ጓድ ታፈሰ ሄድሁ። ያን ጊዜ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ነበር። አነበበው፣ አጠፈው፣ መልሶ ሰጠኝ። አልተቆጣም። የቀድሞው ሪፖርት ሐሰት ከሆነ ሐሰቱን የጻፈው ማን እንደሆነ ፋይሉ ውስጥ አለ አለኝ። የመንግሥትን ልማት ሆን ብሎ በውሸት ምርመራ ያበላሸ ሰው በሕጋችን ምን ይባላል ብሎም ጠየቀኝ። አሻጥረኛ ይባላል። ልጆች አሉህ አይደል አለኝ ደግሞ፣ የሚያሳስበው ይመስል። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ያን ወረቀት በዚያን ጊዜ ለሌላ ለማን መስጠት እችል እንደነበር እስከ ዛሬ አስባለሁ፤ አንዳንድ ቀን ሦስት ሰው ይታየኛል፣ አንዳንድ ቀን ማንም።

አያ ደምሴ ሆስፒታል ተኝተው አገኘኋቸው። እግራቸው እንጨት ሆኗል፤ ሆዳቸው ተቆዝሮ ብርድ ልብሱን አንሥቶታል። ደም ያስመልሳቸው ነበር። መድኃኒቱ መጥቷል፣ ግን ጉበት አንዴ ከጠነከረ በኋላ ምን ያደርጋል። አጠገባቸው ያለው አልጋ ላይ ተቀምጬ ለመጀመሪያ ጊዜ ልናገር አፌን ከፈትሁ። አያ ደምሴ፣ በሽታው ከውኃው ነው አልኋቸው። ራሳቸውን በትራሱ ላይ ነቀነቁ።

“ከውኃውስ አይደለም፣ የቄሱ ልጅ” አሉኝ። “ውኃውን አንተ አይተኸው የለም?”

አላሾፉብኝም። ቢያሾፉብኝ ይሻለኝ ነበር። አምነውኝ ነው፤ እኔን ከመጠራጠር የሰው ዓይን በልቶኝ ነው ማለትን መረጡ። ቀጥዬ መናገር ነበረብኝ። ብርድ ልብሳቸውን አስተካክዬ ወጣሁ። በፍልሰታ ጾም ውስጥ ሞቱ፤ ቀብራቸው ላይ የቦዩ ውኃ እንዲቆም ተደርጎ ነበር፣ የውኃ አባት ሲሞት ወጉ ነው ተባለ።

ከዚያ በኋላ መሪጌታን ፈልጌ ሄድሁ። ጡረታ ወጥተው ጉልበታቸውን ስላመማቸው ወንዛዬ ፍል ውኃ ከርመዋል አሉኝ። ነጠላቸውን አገልድመው እግራቸውን ፍሉ ውኃ ውስጥ ነክረው አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ስብሰባውን፣ አረፋውን፣ ክላክሱን፣ አያ ደምሴን። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

“ዜሮዋን በምን ጻፍሃት?” አሉኝ በመጨረሻ።

“በብዕር።”

እግራቸውን ከውኃው አወጡ፣ በነጠላቸው ጫፍ አደረቁ።

“እኔን ስለሸጥኸኝ ይቅር ብዬሃለሁ፤ እሱ የኔ ነውና እችላለሁ” አሉኝ። “የሰውየው የኔ አይደለም። ደብተሩን አቅናው።”

አላቀናሁትም። ደርግ ወደቀ፤ ጓድ ታፈሰ የት እንደገባ አላውቅም። የሚያስፈራኝ ሰው አልነበረም። ግን አዲስ ኃላፊ በመጣ ቁጥር ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፣ ኃላፊው ሳይለምደኝ ይቀየራል። ደብተሮቹ ካርቶን ተደርገው ወደ መጋዘን ሄዱ። ጣቢያው ሁለት ጊዜ ስም ቀየረ። መሪጌታም ሞቱ። እኔ የግድግዳ ሰዓት ተሸልሜ ጡረታ ወጣሁ፤ በሽኝቱ ላይ አንድ ተናጋሪ ጥንቃቄዬን አነሣ። አይጥ ብዙ ደብተር በላች፤ ያንን ግን አልነካችውም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ያየሁት ውሸትም እያደር ሲጠራ ነው፤ ታይፕ ተደርጎ፣ ሰንጠረዥ ገብቶ፣ ቀለም ተቀብቶ።

ሰላማዊት በሳምንቱ ተመለሰች። ደብዳቤውን ሳልፈርም ጠረጴዛው ላይ አኑሬ እዚህ የጻፍሁትን ሁሉ ነገርኋት። መጀመሪያ ማስታወሻ ትይዝ ነበር፣ ከዚያ እስክሪፕቶዋን አስቀመጠች። ሦስት ዓመት የለፋችበት ሥራ በዚያች ዜሮ ላይ ቆሟል። ዜሮዋ ከወደቀች ቀንድ አውጣዋ በቅርቡ አልገባችም ማለት ነው፤ ድሮም ነበረች፤ የተለወጠው አየሩ ብቻ ሳይሆን እንዶድን የተወው የሴቶቹ እጅም ነው። በጥምቀት ሄደን እንደገና ብንጨልፍስ አለችኝ። አይሆንም አልኋት። ዛሬ እንዶድ የሚቀጠቅጥ የለም፣ ሰው ሁሉ በዱቄት ሳሙና ነው የሚያጥበው፤ ያ ቀን ላይደገም ሄዷል። ሌላ ምስክር አለ ወይ አለች። አያ ደምሴም መሪጌታም ሞተዋል አልሁ።

“ጋሼ፣ እኔ አምንዎታለሁ” አለች። “ግን ይኼ ወሬ ነው። ዜሮዋ ተጽፋለች፣ ተፈርማለች። የእርስዎን ቃል ምን ብዬ እጠቅሰዋለሁ? አማካሪዬንስ ምን ብዬ ልንገረው?”

ፊቷን አየሁት። አውቀዋለሁ ያንን ፊት፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የእኔ ነበር።

“እኔም ጓድ ታፈሰን ምን ልበለው ብዬ ነው አያ ደምሴ የሞቱት” አልኋት።

ኮምፒውተሯን ዘጋች። እየተነሣች፣ ቀስ ብላ፣ “ከጻፉትና ከፈረሙበት ግን ማስገባት ግዴታዬ ነው” አለች። እንድጽፍ ፈልጋ ይሁን እንዳልጽፍ ለምና፣ ከድምጿ መለየት አልቻልሁም። ከዚያ ወዲህ አልደወለችም።

እኔ ግን ጽፌአለሁ፤ ይኸው ነው። ዛሬ ኅዳር አሥራ ሁለት፣ ሚካኤል ነው። ጾም አልገባም፣ ገበያ የለም። በጥር አሥራ አንድ፣ በጥምቀት ዕለት፣ በሾላ ውኃ ቀንድ አውጣ ነበረ። ለበዓሉ ልብስ ሲታጠብ በእንዶድ አልቆ በሳሕኔ ላይ አይቼው፣ ከማጠቢያው በላይ በሕይወት እንዳለ እያወቅሁ፣ ፈርቼ ዜሮ ብዬ ጻፍሁ። አያ ደምሴ አሥራት ውኃው ንጹሕ ነው ስላልኋቸው ቆሙበት። ያን ቀን በልቤ ሦስት ጊዜ ተመልሼ አይቼዋለሁ፤ ይህን የጻፍሁት በብዕር ነው።